ሰንጋ በገመድ፣ መኪና በሊብሬ

መቼም ስለ መኪና ታሪክ የሚያወራ ሁሉ የሚጀምረው ከዐፄ ምኒልክ ነው። እኛም አንለይም፣ ግን ቶሎ እናልፈዋለን። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ «ሲድሊ» መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ በበረሃው አሳብሮ አዲስ አበባ አስገባ፤ ከተማው ጉድ አለ፤ በቃ። እኛን የያዘን ጥያቄ ሌላ ነው። እነዋሪ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ወርዶ አንድ ያገለገለ አይሱዙ ቢገዛ፣ መኪናው የእሱ የሚሆነው መቼ ነው? ብሩን ሲከፍል? ቁልፉን ሲቀበል? ደነባን አልፎ እነዋሪ ሲገባ?

ሰንጋ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። የሞረትና ጅሩ ሰው ሰንጋ ማድለብ ያውቅበታል። በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ላይ «የጅሩ ነው» ከተባለ ዋጋው ሌላ ነው (እውነት የጅሩ ይሁን አይሁን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። ገዢ ጥርሱን አይቶ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ ብሩን ቆጥሮ ገመዱን ከተቀበለ አለቀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል ይላል። መኪናም ይንቀሳቀሳል፣ ያውም ከሰንጋ በላይ። ነገር ግን ገመድ የለውም። የመኪና ገመዱ ሊብሬው ነው፣ ሊብሬው ደግሞ የሚጎተተው በቢሮ በኩል ነው።

ዕቃ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር «ቁም፣ ክፈል» መባሉ የመኪና ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሰሜን ሸዋ ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቀዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ፋሬ ላይ ይቆማል፣ ዕቃው ይታያል፣ ከዚያ ወደ አልዩ አምባ ይወጣል። አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር ያለችው ገበያ ናት፤ የሐረር ነጋዴዎች ከርመው የሚነግዱባት፣ ከአፋር አሞሌ ጨው የሚወጣባት። ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በ1833 ዓ.ም. ሲመጣም የገባው በዚሁ በር ነው። መግባቱ ቀላሉ ነበር እንጂ መውጣቱማ… ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንግዳ ከሸዋ አይወጣም። የዛሬ መኪና ገዢዎች «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ አምጣ» ሲባሉ የሚሰማቸውን ስሜት የሃሪስ ሰዎች ሳይቀምሱት የቀሩ አይመስለንም።

ኬላ እንግዲህ ይሄ ነው። ሹም ባለበት ሁሉ ኬላ ነበር፤ አንድ ጭነት ቡና ከተነሣበት እስከሚሸጥበት ድረስ ስንት ቦታ እንደሚቀረጥ የሚያውቀው ነጋዴው ብቻ ነው። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግም የነጋዴዎች አለቃ ማለት ብቻ ሳይሆን ቀረጥ ሰብሳቢ ማለትም ነበር። ኢኮኖሚን በአማርኛ ከጻፉልን ቀደምቶች አንዱ የሆኑት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ራሳቸው በድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም እኛን በጣም የገረመን ክፍል ይሄ ነው። እስቲ መኪና ሲገዛ የሚነሡትን ቃላት ቁጠሩ። ታርጋ፦ ጣሊያንኛ ነው። ሊብሬ፦ «ሊብሬቶ»፣ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው። ቦሎ፦ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው፤ ጣሊያኖች ዛሬም ለመኪና የሚከፍሉትን ዓመታዊ ግብር «ቦሎ» ይሉታል። መኪና የሚለው ቃል ራሱ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ… ሁሉም ከዚያው ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ ሠራ፣ ደብረ ሲና አናት ላይ የጣርማበርን ዋሻ ፈለፈለ፣ በሙሶሊኒ ስም ጠራው። ስሙ ተባርሯል፣ ዋሻው አለ። ቃላቱም አሉ። አርበኞቻችን ጠላትን ከሰሜን ሸዋ ገደል ሲያባርሩት ሊብሬና ቦሎውን ይዞ እንዲሄድ አላስገደዱትም። «የቴምብር ቀረጥ» ስንል ደግሞ ቴምብሩ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ስለዚህ አንድ መኪና ለመግዛት ቢያንስ ሦስት ቋንቋ ያስፈልጋል።

በደርግ ጊዜ ኬላው ወደ እህሉ ዞረ። የእህል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታውን ይሰበስባል፣ ነጋዴ ደግሞ ያለ ፈቃድ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር አያሻግርም። ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው የጅሩ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያስታውሰዋል። ያ ቁጥጥር በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚው ሲታወጅ ተነሣ።

ክልሎች ከተዋቀሩ በኋላ ደግሞ ሰሌዳዎች የክልል ስም ይዘው መጡ። አአ፣ አማ፣ ኦሮ… ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህች መንገድ ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን ስታልፉ ኦሮሚያ ናችሁ፤ ጫጫ ላይ አማራ ክልል ገብታችኋል። በአንድ ጠዋት ሦስት የምዝገባ ግዛት አቋረጣችሁ ማለት ነው። አይሱዙው በዚህ መንገድ ላይ ማንም «ክልልህን ቀይር» ሳይለው ይመላለሳል፤ የሚያዘው መዝገቡ ነው።

የ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 681 መኪና ሳይመዘገብ፣ ሳይመረመርና ሰሌዳ ሳይለጥፍ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዛል። ከእነዋሪ የመጣው ገዢያችን እንግዲህ ከሻጩ ጋር ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውሉን ያጸድቃል፤ ሻጭ ያገባ እንደሆነ የትዳር ጓደኛም መፈረም አለባት። ከዚያ የስም ዝውውር ይመጣል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 ለንብረት ስም ዝውውር 2 በመቶ ብሎ ቆረጠ። መኪናው 2 ሚሊዮን ብር ከተገመተ 40 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላም አሮጌው ታርጋ ይመለሳል፣ ፋይሉ በደብዳቤ ወደ አዲሱ ክልል ይላካል፣ መኪናው እዚያ እንደገና ይታያል። መኪናው በኢንቨስትመንት ስም ያለ ቀረጥ የገባ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው፤ ያ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ያልተከፈለው ቀረጥ ይጠየቃል። ርካሽ የመሰለችው ፒክ አፕ ርካሽ የሆነችበት ምክንያት አንዳንዴ ይሄ ነው።

«ተዉት፣ በውክልና ውሰደው» የሚለው ምክር የተወለደው ከዚህ ሁሉ ድካም ነው። ሻጩ ለገዢው «በመኪናዬ ላይ እንዳሻህ እዘዝበት» የሚል ውክልና ይሰጣል፤ 40 ሺው ይተርፋል፣ ፋይሉ አይነቃነቅም፣ ታርጋው አአ እንደሆነ እነዋሪ ይገባል። ደላላውም ደስ ይለዋል። እኛ ይህን ምክር አንወደውም፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ወገን ያጋልጣል።

ሻጩን ተመልከቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሌላ ሰው እየነዳው ቢሆንም። አይሱዙው ሰው ቢገጭ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ስም የማን ነው? ከሦስት ዓመት በፊት «ሸጬ ተገላገልኩ» ብሎ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። መኪናውን ይዞ የሚሠራበትም ሰው እንደሚጠየቅ ሕጉ ያውቃል፣ ባለስሙም ከፍሎ ሲያበቃ ሊከሰው ይችላል። ግን መጀመሪያ መጥሪያው የሚደርሰው የማን ቤት እንደሆነ አስቡት።

ገዢውስ? ሻጩ የባንክ ዕዳ ኖሮበት ፍርድ ቤት ንብረቱን ቢፈልግ መዝገቡ ላይ አንድ አይሱዙ አለው። እነዋሪ ላይ ሰንጋ እየጫነ ያለው ያው አይሱዙ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሞት ነው፤ ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። ቦሎ ለማሳደስ ወይም ለመሸጥ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ገዢ የሞተ ሰው ወኪል ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ ወራሾቹን በየክልሉ ማፈላለግ፣ ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት እስኪያረጋግጡ መጠበቅ፣ ዋጋው ስንት እንደነበር ማስረዳት፣ አንዷ ልጅ ውጭ አገር ከሆነች ደግሞ ከኤምባሲ ውክልና እስክትልክ ደጅ መጥናት አለ። የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥም የሚሰላው መኪናው በተገዛበት ዘመን ዋጋ አይደለም፤ በዝውውሩ ቀን በሚገመተው ዋጋ ነው።