ጨዋታ፣ ወቅትና መሬት

የሰው አካል ለሥራና ለእንቅስቃሴ የተሰናዳ መሆኑን ለማስረዳት ዛሬ ብዙ መድከም አያስፈልግም። አስቸጋሪው ጥያቄ ይህን እንቅስቃሴ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ፣ ያውም እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ጨዋታ እየወደዱት፣ እንዴት መያዝ ይቻላል የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የደጋው ሕዝባችን ለጥያቄው በየዘመኑ የሰጠውን መልስ እንመለከትና ጉዳዩ ከሙያችን ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለማመልከት እንሞክራለን።

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ወቅት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ብርድና የብርሃን ማጠር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ሙቀቱም ቢሆን ከወር ወር ብዙ አይራራቅም። በደጋው አገራችን ወቅትን ከወቅት የሚለየው ዝናብ ነው። ከዚህም የተነሣ ለመሮጥም ሆነ ለመጫወት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እግሩ የሚረግጠው መሬት ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ ብሎ ነው።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለውታል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25። የባህላዊ ጨዋታዎቻችንን ቀን ከዚህ ክፍፍል ጋር ያስተያየ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ስምምነት ያገኛል። የገና ጨዋታ የሚደረገው እንደሚታወቀው በልደት በዓል፣ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ማለትም በጋ በገባ በ4ኛው ቀን ነው። ቆላፋ ዱላና አንዲት ሩር ይዞ፣ የተጫዋቹ ቁጥር ሳይወሰን፣ መንደር ከመንደር ጋር የሚሯሯጥበት ይህ ጨዋታ ሰፊና ደረቅ ሜዳ ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ መሆን ይጀምራል። በዕለቱ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ስለነበር በጨዋታው መካከል ለደረሰ ምት ቂም አይያዝም ነበር። ጉግስም እንዲሁ በጥር ወር፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ፈረስ ሳይንሸራተት ሊጋልብ በሚችልበት ደረቅ መሬት ላይ ይካሄድ ነበር።

ክረምቱስ? ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ በክረምቱ እኩሌታ ላይ ይውላል። እረኞች በዚያ ሰሞን ጅራፍ ያጮኻሉ። ጅራፍ ማጮኽ ትከሻንና ወገብን በሚገባ የሚያሠራ ጨዋታ ሲሆን መሮጫ ቦታ ግን አይጠይቅም፤ ሁለት እግሮችን አጽንቶ መቆሚያ የሚሆን አንድ ክንድ መሬት ይበቃዋል። ይህን ያቀነባበረ መሐንዲስ አልነበረም፤ ጨዋታው በብዙ ዘመን ልማድ ራሱን ከመሬቱ ጠባይ ጋር አስማምቷል።

ይሁንና የቡሄ ጅራፍ ብቻውን የገበሬውን አካል አላጠነከረም። ለገበሬው ክረምት ትልቁ የሥራ ወቅት ነበር፤ አሁንም በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ፣ ከጥማድ በሬ ኋላ በረጠበ መሬት ሲመላለስ የሚውል ሰው ሌላ የሰውነት ማጠንከሪያ አያስፈልገውም። እንግዲህ የቀድሞው ዓመት ሚዛኑን የጠበቀው በዚህ ነው፤ በጋው በጨዋታ፣ ክረምቱ በሥራ ይሞላ ነበር።

ይህን ሚዛን ያናጋው የከተማ ኑሮ ሲሆን፣ በለውጡ ውስጥ የእኛ ሙያ ድርሻ ቀላል አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውሃን በቧንቧ ወደ ምኒልክ ግቢ ሲያወርድ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ከዚያም የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የእህል ወፍጮ ሴቶቻችንን ከድንጋይ ወፍጮ አላቀቀ፤ መኪናው በቅሎውን ተካ። እነዚህ ሁሉ ሰውን ከከባድ ልፋት ያሳረፉ በረከቶች ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል ካለ የእንስራውን ክብደት ያልቀመሰ መሆን አለበት። ነገር ግን ከሰው ጀርባ ላይ ያነሣነውን ሸክም ስንቆጥር፣ አብሮት የሄደውን እንቅስቃሴ አልቆጠርነውም። የከተማው ሠራተኛ የበጋውን ጨዋታ በከፊል ወረሰ፤ የክረምቱን ሥራ ግን አልወረሰም። በመሆኑም ክረምት የመቀመጫ ወቅት ሆነ።

ይህ ክፍተት ትንሽ አይደለም። ክረምት ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀን ነው፤ ይህም ከዓመቱ ሩብ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በዚህ ምክር ውስጥ ለዝናብ ወራት የተቀነሰ ሒሳብ የለም። ልብና ሳንባ በ9 ወር ያጠራቀሙትን ብርታት ለ3 ወር አያስቀምጡም።

በክረምት መንቀሳቀስ ይቻላል ወይ ለሚል ጠያቂ ታሪካችን ግሩም ምስክር አለው። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ያ ድል የተገኘው ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው። ሯጮቻችን ዛሬም በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደንና በሱሉልታ ሜዳ ዝናብ ሳይሉ ይለማመዳሉ። ነገር ግን ሁሉም ሰው አበበ እንዲሆን መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ተራው ሠራተኛ ከቢሮ ሲወጣ በአቅራቢያው የሚረግጠው መሬት ያስፈልገዋል።

ሕዝቡ ቦታ ካገኘ እንደሚንቀሳቀስ ደግሞ በተደጋጋሚ አሳይቷል። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ 10,000 ሰው በአዲስ አበባ ጎዳና 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ወጥቷል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ራሱ ተወዳድሮ አሸንፏል። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስያሜ አውራ ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ሲዘጉ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሞልተውባቸዋል። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ለስፖርት ተብለው ባይሠሩም የከተማው ሰው ለዓመታት ማለዳ ማለዳ ሲመላለስባቸው ኖሯል። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ ጠንካራ ስለሆኑና ውሃ ስለማያቁሩ በክረምትም ይረገጣሉ።

በአንጻሩ የጃን ሜዳ ታሪክ ያሳስባል። የጥምቀት፣ የፈረስ ግልቢያና የአገር አቋራጭ ሩጫ ቦታ የሆነው ይህ ሜዳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ገበያ ማረፊያ ሆነ፤ ክረምቱንም በዚሁ ሁኔታ አሳልፎ ከ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በፊት ተለቀቀ። ችግሩ አጣዳፊ ነበርና ውሳኔውን መንቀፍ ቀላል አይሆንም። ይሁን እንጂ ከተማ ሲጨነቅ በመጀመሪያ እጁ የሚያርፍበት ባዶ የሚመስለው ሜዳ እንደሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ሜዳ ግን ባዶ ቦታ አይደለም፤ እንደ ውሃ መሥመርና እንደ ድልድይ ሁሉ አገልግሎት የሚሰጥ ሥራ ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ዋልካ አፈር በክረምት እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንደሚሰነጠቅ ከመንገድ ሥራ እናውቃለን። የላይኛውን ዋልካ ጠርጎ፣ በሥራ ቦታ ቀይ አሽ የምንለውን ውሃ አሳላፊ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አንጥፎ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ወርድ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ሰጥቶ፣ በዳርና ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ ማበጀት ረቂቅ ጥበብ አይጠይቅም። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጥርና በየመኖሪያ ሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ የእግር መንገድ ቢኖር ክረምት ከመቀመጫነት ይድናል። ዋጋውም በአንድ ትልቅ ሕንፃ በጀት ውስጥ ጎልቶ የሚታይ አይደለም። የሚከብደው በፕላኑ ላይ ቦታውን ቀድሞ ማስከበር ነው።

የቀድሞው ሰው ጨዋታውን ከመሬቱ ጋር አስማማ። እኛ ደግሞ መሬቱን ከጨዋታው ጋር ለማስማማት የሚያስችል ዕውቀት ተሰጥቶናል። የሙያ ባልደረቦቼ በሚቀጥለው ፕላናቸው ላይ የመኪና ማቆሚያውን ሲያሰምሩ፣ ለእግር የሚሆን አንድ ደረቅ መሥመርም አብረው እንዲያሰምሩ አደራ እላለሁ።