አክቲቭ ቤዝ ጊታር ያለ ባትሪ ድንጋይ

አክቲቭ ቤዝ ጊታር ድምፅ የሚያጎላና የሚያስተካክል ሰርኪዩት (ፕሪአምፕ) በውስጡ ያለው ቤዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይሻክራል፣ ቀጥሎ ይጠፋል፤ ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ማንም ሳይጫወትበት ያልቃል።

ኃይሉን ከውጭ ማምጣት ይቻላል። የአሜሪካው አሌምቢክ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንዳንድ ቤዞቹ ባለ 5 ፒን ገመድና የውጭ ኃይል ሳጥን ሠርቷል። ቀላሉ ዘዴ የስቴሪዮ ገመድ ነው፦ ጫፉ ድምፁን፣ ቀለበቱ ኃይሉን ይወስዳል፣ ቀሪው ግራውንድ ነው። ሆኖም በአብዛኞቹ ቤዞች ቀለበቱ የባትሪው ማብሪያ ሆኖ ስለሚያገለግል የጃኩ ሽቦ መቀየር አለበት። በስህተት ሞኖ ገመድ ቢሰካ ደግሞ ቀለበቱ ከግራውንድ ጋር ሾርት ስለሚያደርግ ከረንት የሚገድብ ሬዚስተር ግድ ነው።

ከቦሌ እስከ ገርጂና አያት በየመድረኩ ያለው መብራት እንደ መላው ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያልተጣራ አዳፕተር በ50 እና በ100 ኸርዝ ያጉረመርማል፤ የወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ጉርምርምታውን በኢኳላይዘር ልቁረጥ ያለ ኖታውንም አብሮ ይቆርጠዋል። መብራት ሲሄድ ግን ልዩነት የለም፤ አምፕሊፋየሩም አብሮ ይጠፋልና።