ሳሎኑና ጓዳው

በአማርኛችን «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ልጅ የሚጽፍበትን እንጨትና ከምድር ሆድ የሚወጣውን ከባድ ብረት። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ግን ግራፋይት ነውና ማንንም አይመርዝም። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሁለተኛው፣ እርሱንም ፍለጋ የድሆችን ደጃፍ ስላንኳኳች አንዲት ሐኪም ነው።

አሊስ ሃሚልተን በቺካጎ የስደተኞች ሰፈር፣ ሐል ሐውስ በተባለው የበጎ አድራጎት ቤት ትኖር ነበር። በ1910 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢሊኖይ ግዛት ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን ሲያስጠና መሪዋ እሷ ሆነች። የዚያ ዘመን የፋብሪካ ጌቶች መልሳቸው አንድ ነበር፤ ሠራተኛው የሚመረዘው እጁን ሳይታጠብ ስለሚበላ ነው ይሉ ነበር። ጥፋቱም የሟቹ ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ ቀን በሆስፒታል ውስጥ በእርሳስ መርዝ የተሽመደመደ ፖላንዳዊ አገኘች። ሥራው የመታጠቢያ ገንዳ በኢናሜል መለበጥ ነበር። ፋብሪካው ድረስ ሄደች፤ ኃላፊዎቹም እያዞሩ አሳዩአት። እርሳስ የሚባል ነገር አላየችም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ተመልሶ ሪፖርቱን ይጽፍ ነበር። ለእንግዳ የሚታየው ሳሎኑ እንጂ ጓዳው አይደለም፤ ይህን እኛም እናውቀዋለን። እሷ ግን ወደ ፖላንዳውያን ሰፈር ወርዳ የሰውየውን ቤት ፈልጋ ገባች። ያየችው የመጨረሻውን ማሳመሪያ ብቻ እንደሆነ፣ ዋናው ሥራ በሌላ ቦታ እንደሚከናወን የነገራት እርሱ ነው። በዚያ፣ ገንዳው በእሳት ግሎ ሲቀላ፣ እንደ ዱቄት የላመ ኢናሜል ይነሰነስበታል፤ ቀልጦም ይለብጠዋል። በአየር ላይ የቀረውን ብናኝ ሠራተኛው ይተነፍሰዋል። ናሙናው ሲመረመር እስከ 20 በመቶ የሚሟሟ እርሳስ ተገኘበት።

እንግዲህ ነገሩ የእጅ መታጠብ ሳይሆን የትንፋሽ ነበር። ፈውሱም ሠራተኛውን መገሠጽ ሳይሆን አቧራውንና ጢሱን ከፊቱ ማራቅ ነው። ኢሊኖይ በ1911 ሕግ አወጣ፤ አሠሪዎች መከላከያ እንዲያበጁ፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም በየወሩ በሐኪም እንዲያስመረምሩ አስገደደ።

በ1919 ሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር አድርጎ ቀጠራት፤ በምረቃ ቀን ግን ከመምህራኑ ጋር እንዳትሰለፍ ከለከላት። (ይህን ሳነብ ልሳቅ ልዘን አላወቅሁም።)

አሊስ ሃሚልተን በመስከረም 1970፣ በ101 ዓመቷ ዐረፈች። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ የተፈረመው ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው።