ከፍሪዘር በፊት ጎረቤት ነበር

ከፍሪዘር በፊት ሥጋ የሚቀመጠው ጎረቤት ቤት ነበር። ቀልዴን አይደለም። አንድ በሬ ሲታረድ ከመቶ ኪሎ በላይ ሥጋ ይወጣዋል፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሳይበላሽበት ሊጨርሰው አይችልም። ስለዚህ ጎረቤት ተሰባስቦ ገንዘብ ያዋጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ያርዳል፣ ሥጋውን በየመደቡ አድርጎ ዕጣ ይጣጣላል። ቅርጫ ማለት ይሄ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የበዓሉን ድምቀት ነው፤ ከሥሩ ግን ቁርጥ ያለ የምህንድስና ጥያቄ አለ፦ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ሳይበላሽ ለስንት ሰው ማድረስ ይቻላል?

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በኛ ሥራ «ካሽ» የሚባል ነገር አለ። ደጋግሞ የሚፈለግን ነገር በየጊዜው ከሩቅ ከማምጣት ቅርብ አስቀምጦ መጠቀም ማለት ነው። ሥራ ያፈጥናል፤ ግን ሁሌም አንድ ጥያቄ ያስከትላል፦ ያስቀመጥኩት ነገር እስከ መቼ ይታመናል? የምግብ ማቆየት ታሪክም የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። ሰው ገበያ መመላለሱን ለመቀነስ ያገኘው መፍትሔ ሁሉ አንድ የሚታመን ነገር ይፈልጋል፦ ፀሐይ፣ ጨው፣ ጎረቤት፣ ወይም የመብራት ገመድ።

በኛ አገር የቆየው መልስ በአብዛኛው ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ምግብ የሚያበላሹት ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውኃ አይራቡም። ቋንጣ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ታሽቶ ገመድ ላይ የሚሰቀለው ውኃው እንዲወጣለት ነው። ድርቆሽ ውኃው የወጣለት እንጀራ ነው። ቅቤ ሲነጠርም ውኃው ተንኖ ያልቃል፤ ለዚህ ነው ንጥር ቅቤ ለወራት የሚቆየው። ገብሱ ተቆልቶ በሶ ሲሆንም ያው ነው። በጉራጌና በሲዳማ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና እየኮመጠጠ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እዚያ ዘብ የሚቆመው አሲዱ ነው።

ይሄ የጓዳ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ በሚወጣበት ዘመን፣ በአድዋም ጊዜ ጭምር፣ የሠራዊቱ ጉዞ በበሶና በድርቆሽ ላይ የቆመ ነበር። ያንን ስንቅ የቆሉት፣ የፈጩትና ያደረቁት ሴቶች ናቸው። የጦር ታሪካችን ስለ ጠመንጃው ብዙ ይላል፤ ስለ ምጣዱ ግን ትንሽ ነው የሚለው።

ማቀዝቀዝ የተለየ መንገድ ነው። ውኃውን አያወጣውም፤ ባለበት ያስረዋል። ወደ በረዶ የተለወጠን ውኃ ባክቴሪያ ሊጠቀምበት አይችልም። ልብ በሉ፣ አብዛኛው አይሞትም፤ ይተኛል። ምግቡ ሲሟሟ እሱም ይነቃል። ዛሬ ለቤት ፍሪዘር የሚመከረው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ይህ እንቅልፍ አይቋረጥም።

ይህን ወደ ንግድ የለወጠው ክላረንስ በርድስአይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ዛሬ የካናዳ ክፍል ወደሆነችው ላብራዶር ሄዶ ኢንዊት የሚባሉት የአገሬው ሰዎች ዓሣ ሲያጠምዱ አየ። ዓሣው ከውኃ እንደወጣ በዚያ አጥንት ሰባሪ ብርድ ወዲያው ድርቅ ይላል፤ ከወራት በኋላ ሲሟሟ ግን ትኩስ ይመስላል። በዘመኑ ገበያ ላይ የነበረው የቀዘቀዘ ምግብ ሲሟሟ ይላሽቅ ስለነበር ልዩነቱ ገረመው። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነበር። ምግብ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው በረዶ ትልልቅ ሆኖ ያድግና ሴሎቹን ይቀዳድዳል፤ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ቅንጣቱ ጥቃቅን ይሆናል፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። ዕውቀቱ የኢንዊት ነው፤ በርድስአይ ማሽን አበጀለት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቀላል ነበር። መጋቢት 1930 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በ18 ሱቆች የቀዘቀዘ ምግብ ለሙከራ ለሽያጭ ቀረበ። ችግሩ ሱቆቹ ፍሪዘር የሌላቸው መሆኑ ነበር፤ ማቀዝቀዣውም አብሮ መቅረብ ነበረበት። ከዚያ ደግሞ የሚያጓጉዘው መኪና ያስፈልጋል። ለጭነት መኪና የሚሆነውን ማቀዝቀዣ በ1930ዎቹ መጨረሻ የሠራው ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ ነው፤ ሙያውን በአብዛኛው በራሱ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ። የቀዘቀዘ ምግብ በየቤቱ በደንብ የገባው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የቤት ፍሪዘር ሲስፋፋ ነው። ማለትም አንድ ከረጢት አተር እማማ ጓዳ እስኪደርስ ፋብሪካው፣ መኪናው፣ ሱቁና የመብራት መስመሩ ሁሉም መሥራት ነበረባቸው። አንዱ ቢበጠስ አተሩ አለቀለት።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። እዚህ ብዙ ሰው ጉሊትና ሱቅ በየቀኑ ይመላለሳል፦ ዛሬ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ነገ ትንሽ ቲማቲም፣ ከነገ ወዲያ ዘይት። «እቅድ የላቸውም» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የእቅድ ሳይሆን የገንዘብ ነው። የቀን ገቢ ያለው ሰው የወር ሽንኩርት በአንዴ አይገዛም። በጅምላ መግዛት ቅናሽ አለው፤ ቅናሹን የሚያገኘው ግን አስቀድሞ ገንዘብም ማስቀመጫም ያለው ነው። ፍሪዘር ገንዘብ ይቆጥባል ሲባል፣ ለማን ብላችሁ ጠይቁ።

ላለው ሰው ግን ጥቅሙ እውነተኛ ነው። እኛ ቤት በወር አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት በብዛት ተገዝቶ ይቁላላል። ቁሌቱ በዘይት ብቻ ስለሚሠራ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፦ ረቡዕ ምስር ይገባበታል፣ ሐሙስ ሥጋና ቅቤ። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ለአንድ ድስት በሚበቃ መጠን በላስቲክ እያደረግን፣ ጠፍጣፋ አድርገን እናስተኛዋለን። ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የላብራዶሩ ትምህርት ኮንዶሚኒየም ውስጥም ይሠራል። እንጀራም በውጭ ያለጊዜው በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፤ ፍሪዘር ውስጥ አየር እንዳይገባው ተጠቅልሎ ግን ሳምንታት ይቆያል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም ግን አትሞክሩ፤ ውኃ ብቻ ስለሆኑ ሲሟሟ ይላሽቃሉ።

የታሪክ ምሁሯ ሩት ሽዋርትዝ ካወን በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ የማይመች ነገር አሳይተዋል፦ በአሜሪካ የቤት ውስጥ ማሽኖች ሲበዙ የእናቶች የሥራ ሰዓት እንደተጠበቀው አልቀነሰም። ማሽኑ የወንዶቹንና የልጆቹን ድርሻ ወሰደ፣ የንጽሕናና የምግብ ደረጃው ከፍ አለ፣ ትርፉ ሥራ እናትየው ላይ ቀረ። ፍሪዘርም ከዚህ አያመልጥም። ሽንኩርቱን ያው አንድ ሰው መላጥ አለበት።

እኔ የማየው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። በየቀኑ የሚሠራ ሥራ አይታይም። እናቴ በቀን አርባ ደቂቃ ሽንኩርት ስትከትፍ ማንም ቆጥሮላት አያውቅም። በወር አንድ ቅዳሜ ሲሆን ግን ሥራው ቀን ተቆረጠለት፣ መጠኑም ታወቀ። ቀን የተቆረጠለት ሥራ ደግሞ ይከፋፈላል። አሁን እኔ እልጣለሁ፣ እህቴ ትከትፋለች፣ እናቴ ጨውና ዘይቱን ትቆጣጠራለች። ፍሪዘሩ ይህን በራሱ አላደረገም፤ እንድንነጋገርበት ግን አጋጣሚ ሰጠን።

የቀረው የመብራቱ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ አዲስ አበባ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ያም ሆኖ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ቤት ሳይቆራረጥ ማድረስ ሌላ። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ያለ መብራት ወደ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ ወደ 24። መብራት ሲጠፋ «እስቲ ልየው» እያሉ መክፈት ነው ጠላቱ። ሥጋው ውስጥ አሁንም በረዶ ካለ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል።

ከዚያ በላይ ከቆየስ? ያኔ ምድጃ ይለኮሳል፣ ድስት ይጣዳል፣ ጎረቤት ይጠራል። ጥያቄው ቅርጫ ላይ የነበረው ነው፦ ሳይበላሽ ለስንት ሰው ይድረስ? ስለዚህ ለመጪው በዓል ፍሪዘራችሁን ስታጸዱ ከጥጉ አንድ ቦታ ትርፍ ተዉ። ከቅርጫው አባላት መካከል ፍሪዘር የሌለው ቤት አይጠፋምና፣ መደቡን እናንተ ጋ እንዲያስቀምጥ ጠይቁት።