ያለ ባለቤቱ የሄደ ዜማ

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የአንድ ዜማ ታሪክ ነው። ዜማው ቃል የለውም፤ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ነው። ስሙም «ሙዚቃዊ ስልት» ይባላል። ብዙዎቻችን ሰምተነው፣ ስሙን ሳንጠይቅ ያለፍነው ይመስለኛል። ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጥቁሮች «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» የሚሉት ሙዚቃ በአሥመራው የቃኘው ጦር ሠፈር ሬድዮና የሰላም ጓድ ወጣቶች ይዘዋቸው በመጡ ሸክላዎች አማካይነት ወደ አገራችን ገባ። ሙዚቀኞቻችን ምቱን ተቀበሉ፤ ቅኝታቸውን ግን አልለቀቁም። ከእነዚህ አንዱ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነበር። ለእነ ዓለማየሁ እሸቴ ብዙ ዘፈን አቀናብሯል፤ በራሱ ድምፅ ያስቀረጸው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

«ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው ይኸው ሰው ነው። የዋልያስ ባንድ፣ ኦርጋን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ይዞ፣ በ1977 «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ አወጣው። ጊዜው የቀይ ሽብር ነው። ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ማታ ሙዚቃ ሊሰማ የገባ እንግዳ ሳይነጋ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ሙዚቀኛውም ሲጫወትለት ያድራል። ስንኝ ሁሉ በሳንሱር በሚመረመርበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ዜማ የሚሰረዝ ቃል አልነበረውም።

በ1981 ዋልያሶች ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉና ግርማን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ግርማ በነዳጅ ማደያ ሠራ፤ ለብዙ ዓመታትም ከመድረክ ጠፋ። ባለሙያ ሰው ተሰዶ በሌላ ሥራ ማደሩ ምን እንደሆነ፣ አናጢውና መምህሩ በፋሽጋ እርሻ ሰሊጥ ሲያጭዱ በሚውሉበት በዚህ አገር ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዜማው ግን ሥራ አልፈታም። በ1998 «ዳክታሪስ» የተባለ ባንድ ደግሞ አስቀረጸው። ሸክላው የ1970ዎቹ የናይጄሪያ ሥራ መስሎ፣ ለተጫዋቾቹም የፈጠራ አፍሪካዊ ስም ወጥቶላቸው ለገበያ ቀረበ። ባንዱ ግን የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ልጅ ነበር። እስቲ ይታያችሁ! አፍሪካዊው ደራሲ በአሜሪካ ተረስቶ ሲኖር፣ አሜሪካኖቹ አፍሪካዊ መስለው ዜማውን ይጫወታሉ።

በ2000 ደግሞ የቦስተኑ ኤዘር ኦርኬስትራ ይህንኑ ዜማ በራሱ አቀራረብ አወጣው። ይህኛው ማንነቱን አልደበቀም። በ2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከእነ ሙላቱ አስታጥቄና ከእነ ጌታቸው መኩሪያ ጋር በአንድ መድረክ ተጫወተ።

የሰው ዜማ መጫወት በራሱ ነውር አይደለም። «ሙዚቃዊ ስልት»ም ቢሆን ከጥቁር አሜሪካውያን ምት ተውሷል። ነውሩ የአበዳሪውን ስም መሰወር ነው። በ2017 አካሌ ውቤ የተባለው የፈረንሳይ ባንድ ከግርማ ጋር አንድ አልበም ሲያወጣ፣ ሰውየው ወደ ሙያው ተመለሰ። ስሙ ከሥራዎቹ ጋር ተጽፎ ባይቆይ ኖሮ ማን ብለው ይፈልጉት ነበር?

በእኛም ሠፈር ማታ ማታ አዲስ ዜማ ይወጣል። አንዱ ያወጣውን ሌላው ወደ ገዳሪፍ ወይም ወደ ከሰላ ይዞት ይሄዳል፤ ይሂድ። ይህን መጽሔት በእጃችሁ የምትገለብጡ ወንድሞችና እኅቶች ግን፣ ግጥም ወይም ዜማ ስትጽፉ ከራስጌው የደራሲውን ስም፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አስፍሩ። ስሙ ቢታወቅ አደጋ የሚያሰጋው ሰው ካለ በመረጠው የብዕር ስም ይጻፍ፤ እውነተኛ ስሙንም የሚያምነው አንድ ሰው በአደራ ይያዝለት። እኛ ወዴት እንደምንበተን አናውቅም፤ ዜማው ሲገኝ ግን ባለቤቱን የሚጠይቅ አይጠፋም።