ዝም የሚያሰኙት ሴሎች፦ አንጎላችን መስመርን እንዴት እንደሚለይ የታወቀበት ታሪክ

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ዓይን ስናስተምር ዓይንን ከካሜራ ጋር እናመሳስለዋለን። ብርሃን ይገባል፣ ምስሉ ሬቲና ላይ ያርፋል፣ አለቀ። ጎበዝ ተማሪ ግን “ታዲያ ምስሉን የሚያየው ማነው?” ይለናል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ፍለጋ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ከደከሙበት ሰዎች አንዱም እንደኛው ስደተኛ ነበር።

በ1865 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርነስት ማኽ አንድ ነገር አስተዋለ። ጥቁሩ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ሲለወጥ፣ ለውጡ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቦታ ዓይናችን በወረቀቱ ላይ የሌለ መስመር ያያል። ማኽ ይህ የሚሆነው ሬቲና ውስጥ ጎረቤታም ነርቮች አንዱ ሌላውን ስለሚገታ ነው ሲል ገመተ። ግምቱን በነርቭ ላይ የሚለካበት መሣሪያ ግን በዘመኑ አልነበረም።

ማረጋገጫው የመጣው ከባሕር ነው። አሜሪካዊው ኬፈር ሃርትላይን ሊሙለስ የሚባል፣ ሸርጣን የሚመስል እንስሳ መረመረ። የዚህ እንስሳ ዓይን ከብዙ ትናንሽ ዓይኖች የተሠራ ነው። በአንዷ ላይ ብርሃን ሲበራ ነርቧ ቶሎ ቶሎ ምልክት ትልካለች። ጎረቤቷም ሲበራላት ግን የመጀመሪያዋ ምልክት ይቀንሳል። ሃርትላይን በ1967 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ።

ይህ መገታታት ምን ይጠቅማል? ክፍል ውስጥ ሁሉም ባንዴ ቢጮህ ማንም አይሰማም። ሰሌዳው መሐል ያለው ጥቁር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ አዲስ ወሬ የለውም። ሴሎቹ እርስ በርስ ሲገታቱ ጎልቶ የሚቀረው ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት ጠርዝ፣ ማለትም የጠመኔው መስመር ነው።

አሁን ወደ ስደተኛው እንምጣ። ስቴፈን ኩፍለር በ1913 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪ ተወለደ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ከአብዮት ሸሽቶ ኦስትሪያ ገባ። ቪየና ሕክምና ተምሮ እንደጨረሰ፣ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ዳግመኛ ተሰደደ፤ በእንግሊዝ በኩል አውስትራሊያ፣ ኋላም አሜሪካ ደረሰ። በ1953 ባሳተመው ጥናት የድመት ሬቲና ሴሎች መሐላቸው በብርሃን ሲነቃቃ ዙሪያቸው እንደሚገታ፣ በሌሎቹም ተቃራኒው እንደሚሆን አሳየ።

በ1958 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል በኩፍለር ላቦራቶሪ ምርምሩን ከሬቲና ወደ አንጎል ቅርፊት (ኮርቴክስ) አሳደጉት። ለድመቷ ነጥብ ቢያሳዩ፣ ቢያሳዩ ሴሉ ዝም አለ። ስላይዱን ሲያስገቡ ግን የመስተዋቱ ጠርዝ ያጠላው ቀጭን መስመር ሴሉን አስነሣው። ለካ እያንዳንዱ ሴል የሚመርጠው የመስመር ዘንበልታ አለው! ሁለቱ በ1981 ኖቤል ሲሸለሙ ኩፍለር አላየም፤ በ1980 አርፏል።

በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው አዳም ሲሊቶ በድመት ኮርቴክስ ጋባ የተባለውን ገቺ ኬሚካል በመድኃኒት አገደ። ቀድሞ አንድ ዘንበልታ ብቻ ይመርጡ ከነበሩት ሴሎች ብዙዎቹ ምርጫቸው ላላ፤ ለሌላውም አቅጣጫ መልስ መስጠት ጀመሩ። ዛሬ ከኮርቴክስ ሴሎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ገቺ መሆኑ ይታወቃል። ከምርጫው ምን ያህሉ ከመግታት፣ ምን ያህሉ ከሴሎቹ አያያዝ እንደሚመጣ ግን ክርክሩ አላለቀም። ትምህርታችን በመንገድ የተቋረጠብን ብዙዎች ነንና፣ ያላለቀ ጥያቄ መኖሩ ለእኛም የምሥራች ነው።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱን በጥቁር፣ ሌላውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። በጥቁሩ ላይ ያለው ፈካ ብሎ ይታያል። ተማሪዎቹ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በእጃቸው ይለኩ። ከዚያ “ለምን?” ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱን አትንገሯቸው።