የወደደው እና ያሰማው፦ የጆን ፒል ሸክላዎች

የቢቢሲው የሙዚቃ አቅራቢ ጆን ፒል በኦክቶበር 2004 በፔሩዋ ኩስኮ ከተማ ሳለ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 65 ነበር። ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ በነበረው የገጠር ቤቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሸክላዎች ትቶ አለፈ፤ አልበሞቹን በታይፕ በተጻፉ ካርዶች መዝግቧቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ ክምችት ተለይታ የምትቀመጥ አንዲት የእንጨት ሣጥን ግን የራሷን ዝና አተረፈች። በውስጧ ከ140 የሚበልጡ ባለ 7 ኢንች ነጠላ ሸክላዎች ነበሩ። በ2005 የብሪታንያው ቻናል 4 ዘጋቢ ፊልም ሠራባት፤ ጋዜጦችም የይዘቷን ዝርዝር አተሙ።

ዝርዝሩ ከታተመ ወዲህ ሰዎች እንደ ኑዛዜ ሲያነቡት ኖረዋል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የብሪታንያን ወጣት ጆሮ የመራ ሰው ከሁሉ አስበልጦ የያዛቸው እነዚህ ከሆኑ፣ የዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች እነዚህ መሆን አለባቸው የሚል ግምት አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሣጥኗ የምትነግረን ፒል ምን እንደወደደ ነው። ፕሮግራሙ የሚነግረን ደግሞ ምን እንዲሰማ እንደፈቀደ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም የሰውየው ተደማጭነት የመነጨው ሁለቱን ለያይቶ ከመያዙ ይመስለኛል።

ፒል የተወለደው በ1939 ሊቨርፑል አጠገብ በምትገኘው ሄስዎል ነው። በልደት ስሙ ጆን ሮበርት ፓርከር ሬቨንስክሮፍት ይባል ነበር። አባቱ የጥጥ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም እንደ መደቡ ልጆች ሽሩስበሪ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ወታደራዊ አገልግሎቱን ጨርሶ በ1960 ወደ ዳላስ፣ ቴክሳስ ተሻገረ። ቢትልሶች አሜሪካን ሲያጥለቀልቁ የሊቨርፑል አካባቢ ሰው መሆኑ ብቻ በሬዲዮ ‹የቢትልስ አዋቂ› አደረገው። ከዳላስ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ወዳለችው ሳን በርናርዲኖ ተዘዋወረ። በ1967 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ከባሕር ላይ መርከብ ያለፈቃድ በሚያሰራጨው ሬዲዮ ለንደን ተቀጠረ፤ ፒል የሚለውን ስም ያገኘው እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ መንግሥት የመርከብ ጣቢያዎቹን በሕግ ሲዘጋ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሥራ ወደጀመረው ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ተዛወረ። ከዚያ እስከ ሞቱ ድረስ አልወጣም።

ለሣጥኗ ቁልፍ የሚሆኑት የአሜሪካ ዓመታት ናቸው። ከ1960 እስከ 1967 ያለው ጊዜ በሜምፊስና በአካባቢዋ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አዘማመር ከብሉዝ ጋር ተዋሕዶ የደቡብ ሶል የሚባለውን የወለደበት ጊዜ ነው። በሣጥኗ ውስጥ ያለው የሶል ድርሻ ይህን መልክ ይዟል። ሞታውን የተባለውን የሶል አሳታሚ ጌጠኛ ዜማዎች የሚፈልግ ሰው ቅር ይለዋል። በምትኩ ከፊኒክስ፣ አሪዞና የተነሡትን ኤዲ እና ኧርኒን፣ አንድ ብቻ ሳይሆን በርከት ባሉ ሸክላዎች ያገኛል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአገራቸውም ቢሆን በቅጡ ሳይታወቁ ያለፉ ናቸው። አንዱ ድምፅ ሲለምን ሌላው ከላይ ሆኖ የሚያለቅስበት፣ ቀረጻው ሸካራ የሆነ ሙዚቃ ነበር የሚጫወቱት። ኦ. ቪ. ራይትም አለ። በ1964 በሜምፊሱ አሳታሚ ጎልድዋክስ ያሳተመው ‹ዛትስ ሃው ስትሮንግ ማይ ላቭ ኢዝ› በዓለም የታወቀው በኦቲስ ሬዲንግ ድምፅ ነው፤ ፒል ግን የራይትን ያዘ። ዶን ኮቬይም ከነዚሁ ጎን ተቀምጧል።

ይህን አይቶ ‹ያልታወቀውን ስለሚመርጥ ነው› ማለት ይቀላል። ግን ከዚያው ሣጥን የስቴተስ ኮ ‹ዳውን ዳውን› እና የሺና ኢስተን ‹ናይን ቱ ፋይቭ› ይወጣሉ። ሁለቱም ሚሊዮኖች የሚያውቋቸው፣ ሐያስያን ያፌዙባቸው የገበያ ዘፈኖች ናቸው። ለመራቀቅ የሚሰበስብ ሰው ሺና ኢስተንን ደብቆ ነው የሚያኖራት። (ፒልን በሕይወቱ ካከበሩት ይልቅ ከሞተ በኋላ ያነገሡት የበዙ መሆናቸውን ሳስብ፣ ይህች ሸክላ እዚያ በመገኘቷ ደስ ይለኛል።) ከሁሉ በላይ በብዛት የተገኙት ደግሞ የዲትሮይቱ ባንድ የዋይት ስትራይፕስ ሸክላዎች ናቸው፤ ፒል በስድሳ ዓመቱ ገደማ የወደዳቸው ናቸው።

ታዲያ ሶሉን፣ ሮኩን፣ ፐንኩን አንድ ሣጥን ውስጥ ያስገባው ምንድን ነው? ዘውግ አይደለም። በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞር፣ በአንድ ገጿ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የምትይዝ፣ ማንም ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ሊያሳትማት የሚችል ነጠላ ሸክላ ናት። ፒል በልጅነቱ ኤልቪስ ፕሬስሊንና ሊትል ሪቻርድን የሰማው በዚህ የአጭርነት መልክ ነው። በ1967 እና በ1976 መካከል ግን የሚያቀርበው ሙዚቃ ረዘመ፤ ሂፒዎቹና ተራማጅ ሮክ የሚሉት ወገን የአንድን አልበም ሙሉ ገጽ ለአንድ ዘፈን ይሰጡ ነበር። እሱም በታማኝነት አሰማቸው። በ1976 የኒው ዮርኮቹ ፐንኮች ራሞንስ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ፒል ወዲያው ደጋግሞ አጫወታቸው። ከነባር አድማጮች የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። በኋላ ሲያስታውሰው ስሜቱን ሊትል ሪቻርድን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማበት ጋር አነጻጽሮታል፤ የአድማጮቹ አማካይ ዕድሜም በአጭር ጊዜ በአሥር ዓመት ያህል መውረዱን ይናገር ነበር።

ብዙዎች ይህን ‹መለወጥ› ይሉታል፤ ሂፒው አቅራቢ ፐንክ ሆነ ይላሉ። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ፐንክ ፒልን ወደ አዲስ ቦታ አልወሰደውም፤ ወደ ጉርምስናው ሙዚቃ መለሰው። የተለወጠው የፕሮግራሙ ይዘት ነው እንጂ የሰውየው ጆሮ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ተቋሙ ካልተነገረ የፒል ጉዳይ ቅርጽ አይይዝም። ቢቢሲ ከሸክላ አሳታሚዎች ማኅበርና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በነበረው ስምምነት፣ የታተመ ሸክላ በአየር ላይ የሚያጫውትበት ሰዓት የተገደበ ነበር፤ ‹የመርፌ ሰዓት› ይሉታል። ገደቡ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ቆየ። ሰዓቱን ለመሙላት ቢቢሲ ሙዚቀኞችን በራሱ ስቱዲዮ እየከፈለ ማስቀረጽ ነበረበት። የፒል ቀረጻዎች ተብለው የሚታወቁት የዚህ ግዴታ ልጆች ናቸው። አንድ ባንድ ጠዋት ለንደን ሜይዳ ቬል ስቱዲዮ ይገባል፤ መሣሪያውን ይዘረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዘፈን ይቀርጻል፤ ማታ ድምፁ ተቀናብሮ ያልቃል። ለመራቀቅ ጊዜ የለም። እስከ 2004 ድረስ ከ4,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቀረጻዎች ተሠርተዋል። የማንችስተሩ ዘ ፎል ብቻውን 24 ቀረጻ አለው።

የዚህ አሠራር ውጤት ከታሰበው በላይ ነበር። ሲውክሲ ኤንድ ዘ ባንሺስ በ1977 መጨረሻ የፒልን ቀረጻ ሲሠሩ ውል የሰጣቸው አሳታሚ አልነበረም፤ ውል ያገኙት በ1978 ነው። ሌሎቹ ደግሞ አሳታሚ አልጠበቁም። ባዝኮክስ በ1977 መጀመሪያ ወደ 500 ፓውንድ ተበድረው ‹ስፓይራል ስክራች›ን በራሳቸው አሳታሚነት 1,000 ቅጂ አሳተሙ። ይህ ምሳሌ በየከተማው ተደገመ። ማሳተም ቀላል ሆነ፤ መሰማት ግን ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም የቀኑ ፕሮግራሞች በአብዛኛው በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ነበር የሚያጫውቱት። በመላ አገሪቱ የሚደመጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የሆነ አንድ በር ነበር፤ በረኛው ፒል። በፖስታ የመጣለትን ሸክላ ሁሉ ለማዳመጥ ይጥር ነበር። አንዳንዴም በተሳሳተ ፍጥነት ያጫውተውና ዘፈኑ ግማሽ ሲደርስ ይቅርታ ይጠይቃል።

በዚህ በር ከገቡት ሁሉ የታወቀው የአንደርቶንስ ‹ቲንኤጅ ኪክስ› ነው። አምስቱ የዴሪ ወጣቶች በ1978 ቤልፋስት ሄደው ቀረጹት፤ ያሳተመው ቴሪ ሁሊ የሚመራው ጉድ ቫይብሬሽንስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ ነው። ሰሜን አየርላንድ በቦምብና በወታደር ኬላ የተወጠረችበት ዘመን ነበር፤ ዘፈኑ ግን ስለዚያ አንዲት ቃል የለውም። አንድ ጎረምሳ በሰፈሩ ያለችን ልጅ ይመኛል፤ በቃ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ፒል በሴፕቴምበር 1978 አጫውቶት ሲያበቃ ደግሞ እንደገና አጫወተው፤ በሬዲዮ 1 ያልተለመደ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው ሲል ኖረ፤ በግሬት ፊንቦሮው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለው መቃብሩም ላይ ከዘፈኑ አንድ ሐረግ ተቀርጿል።

ዘፈኑ የተወደደበትን ምክንያት ለመረዳት ሙዚቃ ማወቅ አያሻም፤ ከላይ ያልነው ሁሉ አለበት። አጭር ነው፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነው፣ የባንዱ ዘፋኝ የፊርጋል ሻርኪ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሶሉ ልመና ሩቅ አይደለም። ጣጣው ሌላ ነው። ዘፈኑ የፒል ማኅተም ሆነና ሰውየውን ዋጠው። ዛሬ ‹የፒል ሙዚቃ› ሲባል አራት ነጭ ወጣቶች ጊታር ይዘው ሲጮኹ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። የፕሮግራሙ አድማጮች ራሳቸው ለዚህ ድርሻ አላቸው። በ1976 በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርብ የአድማጮች ምርጫ ተጀመረ፤ የገና ሰሞን ሃምሳ ልንለው እንችላለን። በመጀመሪያው ዓመት ከላይ የተቀመጠው የሌድ ዘፔሊን ‹ስቴርዌይ ቱ ሄቨን› ነበር። ከ1978 እስከ 1980 የሴክስ ፒስቶልስ ‹አናርኪ ኢን ዘ ዩኬ› ዓመት ከዓመት አንደኛ ሆነ። ዝርዝሩ እየደረቀ ስለሄደ በ1982 የዓመቱ ዘፈኖች ብቻ የሚወዳደሩበት ሆነ። ያም አልበቃም፤ ፒል በዓመት ውስጥ ሬጌ፣ የአፍሪካ ሙዚቃ፣ ሂፕ ሆፕ፣ ቴክኖ ያጫውታል፤ ድምፅ ሲቆጠር የሚወጡት ግን ጊታሮቹ ናቸው። ይህ ያበሳጨው እንደነበር አልሸሸገም። የ1991 ምርጫ በጊዜው አልተላለፈም፤ በ1993 በሳምንት አንድ እየተቆነጠረ ነው የተሰማው።

በዚህ ነጥብ አድማጩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ያስታወሰውን ይመርጣል፤ የሚታወሰው ደግሞ የተደጋገመው ነው። ፒል አንድን ሸክላ ከዚምባብዌ አንድ ጊዜ አሰምቶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ፣ ልግስናው ራሱ ሸክላው ሥር እንዳይሰድ ያደርግ ነበር። ፒል በልግስናና በመደጋገም መካከል ልኩን ያገኘ አይመስለኝም።

የግል ምርጫው ስፋት በግልጽ የታየው በጃንዋሪ 1990 ነው። የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ነባር ፕሮግራም ‹ዴዘርት አይላንድ ዲስክስ› ለእንግዳው ሰው በሌለበት ደሴት ብቻህን ብትቀር የምትይዛቸው ስምንት ሙዚቃዎች የትኞቹ ናቸው ብሎ ይጠይቃል። የፒል ስምንቱ እነዚህ ነበሩ፦ የሄንድል ‹ዛዶክ ካህኑ›፣ የሮይ ኦርቢሰን ‹ኢትስ ኦቨር›፣ አንድ የጂሚ ሪድ ብሉዝ፣ የሚስቲ ኢን ሩትስ ሬጌ፣ ‹ቲንኤጅ ኪክስ›፣ አንድ የዘ ፎል ዘፈን፣ የዚምባብዌዎቹ ፎር ብራዘርስ፣ እና የራሕማኒኖቭ ሁለተኛ የፒያኖ ኮንሰርቶ። ለቅንጦት ዕቃ የጠየቀው ኳስና የሚያነጥርበት ግድግዳ ነው፤ የሊቨርፑል እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ሌላ ምን ይጠይቃል?

ከስምንቱ ሁለቱ ለብቻ ሊታዩ ይገባል። ሚስቲ ኢን ሩትስ የለንደኗ ሳውዝሆል ሰፈር ባንድ ነው፤ አባላቱ የራስተፈሪያን እምነት ተከታዮች ናቸው። በ1979 ብራስልስ ላይ በመድረክ የተቀረጸው አልበማቸው በፒል ዘንድ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ነበር። ኢትዮጵያን ቅድስት ምድር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መሲሕ አድርጎ የሚያይ እምነት፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት በወጣ የጥጥ ነጋዴ ልጅ አማካይነት በየእንግሊዝ መኝታ ቤት መሰማቱ ለእኛ አንባቢዎች የተለየ ጣዕም ይኖረዋል። በ1982 ባንዱ ወደ ዚምባብዌና ዛምቢያ ተጉዞ ተጫውቷል። ፎር ብራዘርስ ደግሞ የዚያችው ዚምባብዌ ልጆች ናቸው፤ ከበሮ እየመታ ይዘፍን የነበረው ማርሻል ሙንሁሙምዌ በ1980 የነጻነት ሰሞን ‹ማኮሮኮቶ› በሚለው ዘፈን ነው ስሙን የተከለው። የጊታሮቻቸው ፍሰት ከፐንክ ጋር የሚጋራው ነገር ያለ አይመስልም፤ ግን ያም በነጠላ ሸክላ፣ በአገር ውስጥ አሳታሚ፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ሙዚቃ ነበር።

ወደ አድማጮቹ የዓመት መጨረሻ ምርጫ ስንመለስ አንድ ለየት ያለ ዓመት አለ። በ1977 አድማጭ ድምፅ ሳይሰጥ ፒል ራሱ ዝርዝሩን አወጣ። የፐንክ ዓመት የሚባለው ያ ነው፤ ሴክስ ፒስቶልስ፣ ዘ ክላሽ፣ ባዝኮክስ ሁሉ የተሰለፉበት። የታሪክ መጻሕፍትን የሚጽፍ ሰው ለአንደኛነት ከእነዚህ አንዱን ይጠብቃል። ፒል ያስቀመጠው ዘ ሞተርስ የተባሉትን፣ ከመጠጥ ቤት ሮክ የመጡትን ነው፤ ዘፈኑ ‹ዳንሲንግ ዘ ናይት አዌይ›። ዛሬ የዚያን ዓመት ታሪክ ሲተርኩ ይህን ዘፈን የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ፒል ግን በዚያው ዓመት የፒስቶልስን ሸክላ እንደ ዜና አጫወተ፤ የሞተርስን ስለወደደው።